የግራው 200፣ የቀኙ 210፦ ባይኖራል ቢትን ቤት ውስጥ መሥራትና መፈተን

ዩቲዩብ ላይ «የእንቅልፍ ሙዚቃ» ብለው ቢፈልጉ ስምንት ሰዓት የሚዘልቁ፣ ሐምራዊ ጭጋግና ከዋክብት የለበሱ ቪዲዮዎች ተደርድረው ይመጣሉ። ርዕሳቸው ላይ «ዴልታ»፣ «ቴታ» ወይም «40 ሄርዝ» የሚል ነገር አይጠፋም። አንዱ ጭንቀት ያስለቅቃል ይላል፣ ሌላው ለፈተና የሚያጠናን ተማሪ ያነቃል ይላል፤ በየወሩ የሚያስከፍሉ የስልክ መተግበሪያዎችም አሉ። ጌጡ ሲገፈፍ ግን ውስጡ ያለው ነገር እጅግ ቀላል ነው፦ ለግራ ጆሮ አንድ ወጥ ድምፅ፣ ለቀኝ ጆሮ ደግሞ ከእሱ በትንሹ የሚለይ ሌላ ወጥ ድምፅ። ኮምፒውተር ያለው ሰው ይህን በአሥር ደቂቃ ውስጥ፣ ሳንቲም ሳያወጣ ሊሠራው ይችላል።

ስለዚህ እዚህ የትኛውን ቪዲዮ መምረጥ እንዳለብዎ አያገኙም። የሚያገኙት ድምፁን እንዴት ራስዎ እንደሚሠሩትና፣ ከሠሩት በኋላ እንዴት ራስዎን ሳያታልሉ እንደሚፈትኑት ነው። ተመራማሪዎቹ ገና አልተስማሙም፤ እርስዎ ላይ ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ከሌላ ሰው ምስክርነት ይልቅ በወጉ የተያዘ የራስዎ ማስታወሻ ይሻላል።

ምቱ የት ነው የሚፈጠረው?

ሁለት ክራሮች አብረው ሲቃኙ ያዳመጠ ሰው የነገሩን ግማሽ ያውቀዋል። የአንዱ ክር ድምፅ ወደ ሌላው ሲጠጋ፣ ገና ሳይገጥም፣ እየጎላና እየከሰመ «ዋው ዋው ዋው» ይላል። ቃኚው ክሩን ጠበቅ ወይም ላላ እያደረገ ወደ ሌላው ባስጠጋው ቁጥር ምቱ እየዘገየ ይሄዳል፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ይጠፋል። ይህ ምት የሚፈጠረው አየር ላይ ነው። ሁለቱ ሞገዶች አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይጠፋፋሉ። አንዱ በሰከንድ 200 ጊዜ (200 ሄርዝ)፣ ሌላው 210 ጊዜ የሚርገበገብ ከሆነ ምቱ የልዩነታቸውን ያህል ነው፤ በሰከንድ 10 ጊዜ። አጠገባቸው ማይክሮፎን ቢያስቀምጡ ምቱን ይቀዳዋል።

አሁን ሁለቱን ድምፆች አየር ላይ እንዳይገናኙ እንለያያቸው። 200 ሄርዙ በግራ ጆሮ ብቻ ይግባ፣ 210ሩ በቀኝ ብቻ። አየር ላይ ምት የለም፣ ማይክሮፎንም የሚቀዳው ምት አያገኝም፤ አድማጩ ግን ይሰማዋል፤ ባይኖራል ቢት የሚባለው ይህ ምት ነው። ይህን ያስተዋለው የፕሩሲያው የፊዚክስ ሊቅ ሃይንሪሽ ቪልሄልም ዶቭ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1839። (ከዚህ በኋላ የሚመጡት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

ምቱን የሚሠራው አንጎል ነው፤ ያውም ከታች፣ አንጎል ግንድ ላይ። ከሁለቱ ጆሮዎች የሚመጣው መልእክት መጀመሪያ የሚገናኘው እዚያ፣ ሱፔሪየር ኦሊቫሪ ኮምፕሌክስ በሚባል የነርቭ ጣቢያ ነው። የዚህ ጣቢያ የዘወትር ሥራ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ መለየት ነው። ከግራ በኩል የተጠራ ሰው ድምፁ ግራ ጆሮው ላይ ቀድሞ ይደርሳል፤ ቀኙ ላይ የሚዘገየው ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ለሚያንስ ጊዜ ብቻ ነው። ጣቢያው ያችን ቅንጣት ልዩነት ይለካታል። 200 እና 210 ሄርዝ ለየብቻ ሲገቡ ግን ልዩነቱ አንድ ቦታ አይረጋም፤ እየሰፋና እየጠበበ ይዞራል፤ አንጎልም መዋዠቁን እንደ ምት ይሰማዋል። የሁለቱን ልዩነት ወደ አንድ ሄርዝ ካወረዱት ድምፁ ራስዎ ውስጥ ከጆሮ ወደ ጆሮ ሲመላለስ ይሰማዎታል። አንዴ ቢሞክሩት ደስ ይላል፤ ከዚህ ሁሉ ጉዳይ ውስጥ ማንም የማይከራከርበት እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ጄራልድ ኦስተር የተባለ ተመራማሪ በ1973 ሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ ነገሩን ከመረሳት አወጣው። ከዚያ ጽሑፍ ለሥራችን የሚጠቅሙን ሦስት ነገሮች ናቸው። መነሻ ድምፁ ከ1000 ሄርዝ በላይ ከሆነ ምቱ አይሰማም፤ በ440 ሄርዝ አካባቢ ይበልጥ ጎልቶ ይሰማል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ30 ሄርዝ ገደማ ሲያልፍ ደግሞ ምቱ ቀርቶ ሁለት የተለያዩ ድምፆች ይሰማሉ። ስለዚህ «የ5000 ሄርዝ ባይኖራል» የሚል ነገር ካጋጠመዎት ሠሪው የሚሠራውን አያውቅም ማለት ነው።

ሞገዶቹና የተስፋው ልክ

ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ሃንስ በርገር በ1924 የና ከተማ ውስጥ ከሰው ራስ ላይ የኤሌክትሪክ ሞገድ ቀዳ፤ ያሳተመው ግን በ1929 ነው። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዘና ሲል በሰከንድ አሥር ጊዜ ገደማ የሚወዛወዝ ሞገድ ጎልቶ አየ፤ አልፋ አለው። በኋላ የቀሩት ተጨመሩ። ዴልታ ከ4 ሄርዝ በታች ሆኖ በከባድ እንቅልፍ ይበረታል። ቴታ ከ4 እስከ 8 ነው፤ በማንቀላፋት ጊዜ ይበዛል። አልፋ ከ8 እስከ 13 ይደርሳል። ቤታ ከ13 እስከ 30 ሲሆን ከንቃትና ከሥራ ጋር ይያያዛል። ከ30 በላይ ያለው ጋማ ይባላል።

ሻጮቹ ይህን ዝርዝር እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ያቀርቡታል፤ 2 ሄርዝ ላይ ያድርጉት፣ እንቅልፍ ይመጣል። አንጎል ግን በአንድ ጊዜ በአንድ ሞገድ ብቻ አይሠራም። አሁን ይህን ሲያነቡ ሁሉም ሞገዶች የየድርሻቸውን ይዘው አብረው አሉ፤ የሚለዋወጠው የትኛው የት ላይ እንደሚበረታ ነው። ደግሞም እንቅልፍ ሲመጣ ዴልታ ይበረታል ማለት ዴልታ ሲቀሰቀስ እንቅልፍ ይመጣል ማለት አይደለም።

አንጎል ከውጭ የሚመጣ ምት ይከተላል የሚለው ሐሳብ ራሱ ግን ባዶ አይደለም። በሰከንድ 40 ጊዜ የሚደጋገም ድምፅ ለሰው ቢያሰሙና ራሱ ላይ የአንጎል ሞገድ የሚቀዳውን ኢኢጂ ቢገጥሙ በዚያው ልክ የሚወዛወዝ ምላሽ ይታያል፤ ይህ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የታወቀ ነው፣ የመስማት ምርመራም ይጠቀምበታል። ጥያቄው ሌላ ነው። አንጎል ግንድ ላይ የሚፈጠረው ደካማው የባይኖራል ምት የቀረውን አንጎል ጎትቶ ሊያስከትል ይችላል? ቢያስከትልስ ሰውየው የሚሰማው ነገር ይለወጣል?

እዚህ ላይ መልሶቹ ይለያያሉ። በ2005 አኔስቴዥያ መጽሔት ላይ የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ሰዎችን በሦስት ከፍሎ ነበር። ባይኖራል ቢት ያለበትን ድምፅ የሰሙት የጭንቀት ነጥባቸው በ26.3 በመቶ ቀነሰ፤ ያው ድምፅ ቢቱ ወጥቶለት የተሰጣቸው በ11.1 በመቶ፤ ምንም ያልተሰጣቸው በ3.8 በመቶ። በ2019 ደግሞ 22 ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ በትውስታ፣ በትኩረት፣ በጭንቀትና በሕመም ስሜት ላይ መካከለኛ የሚባል ውጤት አገኘ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። በ2023 ፕሎስ ዋን ላይ የወጣው ግምገማ ግን ወደ ዋናው ጥያቄ ሄደ፤ የአንጎል ሞገዱ በእርግጥ ምቱን ተከትሏል ወይ? ካያቸው 14 ጥናቶች አዎ ያሉት አምስት፣ የተቃረኑት ስምንት፣ አንዱ የተደበላለቀ ሆኖ አገኘው። በ2020 ኢኒውሮ ላይ የወጣ የካናዳ ጥናት ደግሞ ባይኖራል ቢትን አየር ላይ ከሚፈጠረው ተራ ምት ጋር አስተያየ። ሁለቱም በኢኢጂ ላይ ምላሽ አሳዩ፤ ተራው ምት የበረታ ነበር፤ የአድማጮቹን ስሜት ግን አንዳቸውም አልለወጡም።

እኔ ከዚህ የምይዘው ይህን ነው፦ አንዳንድ ሰው ይረጋጋል፣ ይህ እውነት ነው፤ የሚረጋጋው ሞገዱ ስለተጎተተ ነው የሚለው ግን አልተረጋገጠም። ሃያ ደቂቃ መብራት አጥፍቶ፣ ስልክ ሳይነኩ፣ ዓይን ጨፍኖ መተኛት ብቻውን ብዙ ሥራ ይሠራል። ከዚህ በታች ያለው ፈተና የተቀመጠው የምቱን ሥራ ከዕረፍቱ ሥራ ለመለየት ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ከዚህ በፊት ድንገት ጥሎት የሚያውቅ ሰው ሐኪሙን ሳያነጋግር አይሞክረው። ለትናንሽ ልጆች አይስጡ። መኪና እየነዱ፣ ባጃጅም ቢሆን፣ ወይም ማሽን ላይ ሆነው አያዳምጡ፤ የሚሞክሩት ነገር ዓላማው ማፍዘዝ አይደለም እንዴ? የጆሮ ጩኸት ያለብዎት ከሆነ ወጥ የሆነው ድምፅ ሊያባብሰው ስለሚችል በጣም ዝቅ አድርገው ይጀምሩ፤ ካወከዎት ይተዉት።

ድምፁን ከፍ ማድረግ ውጤቱን አያሳድገውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ጆሮ የሚመክረው ገደብ በሳምንት 40 ሰዓት ቢበዛ በ80 ዴሲቤል ነው፤ 90 ዴሲቤል ከሆነ በሳምንት አራት ሰዓት ብቻ። እኛ ከዚያ በብዙ ዝቅ ብለን እንሠራለን። ቤት ውስጥ መለኪያ ባይኖርዎትም፣ ማዳመጫውን አድርገው ሳለ አጠገብዎ ያለ ሰው በተለመደ ድምፁ ሲያናግርዎት የሚሰሙት ከሆነ ልኩ ደህና ነው።

ማዳመጫውን ያረጋግጡ

የግድ ሁለት ጆሮ ያለው ማዳመጫ ያስፈልጋል። በስፒከር አይሆንም፤ ሁለቱ ድምፆች ጆሮዎ ሳይደርሱ አየር ላይ ይቀላቀሉና ያ የክራሩ ምት ይሆናል። የስምንት ሰዓቱን ቪዲዮ ስልኩን ትራስ ሥር አድርገው የሚያዳምጡ ብዙ ናቸው፤ የሚሰሙት ሌላ ነገር ነው። በአንድ ጆሮ የመስማት ችግር ያለበት ሰውም ምቱን ላይሰማው ይችላል።

ውድ ማዳመጫ አያስፈልግም። ገበያ ላይ የሚገኘው ባለ ገመድ ይበቃል፤ ብሉቱዙም ይሠራል። ስልክዎ ላይ ግን ሦስት ቦታ ይመልከቱ። የመጀመሪያው በተደራሽነት ቅንብር ውስጥ ያለው «ሞኖ ኦዲዮ» ነው። በርቶ ከሆነ ግራና ቀኙን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ሁለተኛው «ስፓሻል ኦዲዮ» ወይም «ዶልቢ አትሞስ» የሚባለው ማሳመሪያ ነው፤ ያጥፉት። ሦስተኛው ኢኳላይዘር ነው፤ እሱንም ወደ መደበኛው ይመልሱት።

በኦዳሲቲ መሥራት

ኦዳሲቲ በነፃ የሚገኝ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ነው፤ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። ከጫኑት በኋላ ባዶ ገጽ ይክፈቱ።

ከላይ «ጀነሬት» ከሚለው ውስጥ «ቶን» የሚለውን ይምረጡ። የሞገዱ ዓይነት «ሳይን» ይሁን፣ ፍሪኩዌንሲው 200፣ አምፕሊቲዩዱ 0.2፣ ርዝመቱ 20 ደቂቃ። እሺ ሲሉ አንድ ትራክ ይመጣል። አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው፦ ወዲያው ሁለተኛ ቶን ቢፈጥሩ በመጀመሪያው ትራክ ላይ ይተካል ወይም ይቀጠላል። መጀመሪያ «ትራክስ» ከሚለው ገብተው አዲስ ሞኖ ትራክ ይጨምሩ፣ ይምረጡት፣ ከዚያ በዚያው መንገድ 210 ሄርዝ ይፍጠሩ። አምፕሊቲዩዱም ርዝመቱም ከፊተኛው ጋር አንድ ይሁን።

በየትራኩ ግራ ጎን ላይ ትንሽ መንሸራተቻ አለች፤ አንድ ጫፏ ግራን፣ ሌላው ቀኝን ያመለክታል። የ200ውን እስከ መጨረሻ ወደ ግራ፣ የ210ሩን እስከ መጨረሻ ወደ ቀኝ ይግፉ። እስከ መጨረሻ ነው። ግማሽ ላይ ካቆሙት ሁለቱም ድምፆች በሁለቱም ጆሮ ይገባሉ።

ባዶ ቶን ብቻውን ያሰለቻል፤ አንዳንዱን ሰው ጭራሽ ያናድዳል። ስለዚህ ሦስተኛ ትራክ ይጨምሩና «ጀነሬት» ውስጥ «ኖይዝ»ን፣ ከዚያ «ፒንክ»ን ይምረጡ። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚመስል ድምፅ ነው። አምፕሊቲዩዱ 0.1 አካባቢ ይሁን፣ መንሸራተቻዋም መሐል ላይ ትቆይ። ቶኑ ከዝናቡ ሥር ሆኖ መሰማት አለበት፤ ካልተሰማዎት ዝናቡን ይቀንሱ። በመጨረሻ የሁሉንም ትራክ የመጀመሪያ አሥር ሰከንድ መርጠው «ፌድ ኢን»፣ የመጨረሻውን አሥር ሰከንድ መርጠው «ፌድ አውት» ያድርጉ። ድምፁ ድንገት ሲጀምርና ሲቋረጥ እንቅልፍ ሊወስደው የነበረን ሰው ያባንናል።

ሲያስቀምጡት ስቴሪዮ ሆኖ በዌቭ ወይም በፍላክ ይሁን። ሃያ ደቂቃ ዌቭ 200 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ፍላክ ያንሳል። ኤምፒ3 ካስፈለገ ጥራቱን ከፍ ያድርጉት፤ በጣም ሲጨመቅ ግራና ቀኝን አጋርቶ ስለሚያስቀምጥ ልዩነቱን ሊያደበዝዘው ይችላል። ወደ ስልክ ሲልኩ ፋይሉን እንደ ፋይል ይላኩት። ከኮምፒውተሩ ስፒከር እያጫወቱ በስልክ ማይክሮፎን መቅዳት ፈጽሞ አይሆንም።

ኮምፒውተር የሌለው ሰው ለግራና ለቀኝ የተለያየ ፍሪኩዌንሲ ማስገባት የሚያስችሉ የቶን ማመንጫ መተግበሪያዎችን ስልኩ ላይ ሊጭን ይችላል። ቁጥሮቹ ያው ናቸው።

መሥራቱን ማረጋገጥ

ማዳመጫውን ያድርጉና ዓይንዎን ይጨፍኑ። ምቱ ጎልቶ የሚደበድብ አይደለም፤ ድምፁ ከውስጡ የሚንቀጠቀጥ ነው የሚመስለው። አሁን አንዱን ማዳመጫ ከጆሮዎ ያውጡ። መንቀጥቀጡ ወዲያው መጥፋትና አንድ ወጥ ድምፅ ብቻ መቅረት አለበት። መልሰው ሲያስገቡት ይመለሳል።

ይህችን ሙከራ ከኢንተርኔት ባወረዱት ወይም በገዙት ላይም ያድርጉ። አንዱን ጆሮ ሲያወጡ ምቱ ከቀጠለ እዚያ ላይ ያለው ድምፁ ራሱ እየጎላና እየከሰመ ነው እንጂ ባይኖራል አይደለም። ያ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ስሙ ግን ያ አይደለም።

ለምን ዓላማ፣ በስንት?

መነሻውን 200 ላይ ያቆዩትና ቀኙን ብቻ ይለውጡ። ለእንቅልፍ ብለው የሚጠቀሙ ሰዎች ከ2 እስከ 4 ሄርዝ ልዩነት ይወስዳሉ፤ 203 ማለት ነው። ለማረፍ 210፣ ለማሰላሰልና ለጸሎት ጸጥታ ለሚፈልግ 206፣ ለጥናት 216 ወይም 218። ከ30 በላይ ያለው ጋማ በባይኖራል መንገድ ደካማ ስለሚሆን ለመጀመሪያ ሙከራ አልመክረውም። 200 ሄርዝ ካልተመቸዎት ወደ 250 ወይም 300 ከፍ ያድርጉት፤ ልዩነቱ እስካልተነካ ድረስ ችግር የለውም።

ለእንቅልፍ ከሆነ በጎንዎ ተኝተው ጆሮዎን የማይወጋ ማዳመጫ ይምረጡ፤ ፋይሉ ካለቀ በኋላም ያውጡት። ሌሊቱን ሙሉ ጆሮ ውስጥ መተው ጆሮን ያቆስላል፣ ገመዱም አንገት ላይ ይጠመጠማል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ምንም አልተሰማኝም ብለው አይተዉ፤ እስከ መጨረሻው ይስሙት። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከመጣ ግን ያኔውኑ ያቁሙ።

ፈተናው

ዋናው ሥራ ይህ ነው፣ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። አንድ ሌሊት ሰምቶ ደህና ያደረ ሰው «ሠራልኝ» ይላል። ግን ያን ቀን ብዙ ተጉዞ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ከሰዓት በኋላ ቡና አልጠጣም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይሠራል ብሎ ጠብቋል፤ መጠበቅ ራሱ ያስተኛል።

ስለዚህ ሦስት ፋይል ይሥሩ። በመጀመሪያው ግራ 200 ቀኝ 203፣ በሁለተኛው ግራ 200 ቀኝ 218፣ በሦስተኛው ግራም ቀኝም 200 ይሁን። ዝናቡ፣ ርዝመቱ፣ የድምፁ ልክ ሁሉ አንድ መሆን አለበት። ሦስተኛው ምት የለውም፤ እሱ ሠርቶ ካስተኛዎት ያስተኛዎት ዝናቡና ጸጥታው ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ብልህ መፈተኛ ነው፤ ምት አለው፣ ግን ለእንቅልፍ «የተሳሳተ» የሚባለው ምት ነው። ሁለቱ ባለ ምቶች እኩል ካስተኙዎት የዴልታ ተረት አላስፈለገም ማለት ነው።

ፋይሎቹን ለእህትዎ ወይም ለጓደኛዎ ይስጡና ስማቸውን «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» ብለው እንዲለውጡልዎ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነም ወረቀት ላይ ጽፈው እንዲያስቀምጡ ይጠይቁ። እርስዎ እስከ መጨረሻ አያዩትም። ጆሮ የለመደ ሰው ምቱ ፈጣን ወይም ዘገምተኛ መሆኑን ሊለይ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ስለዚህ ምቱን ለመያዝ አይድከሙ፣ ዝናቡን ብቻ ይስሙ። የተሻለ ምስክር ከፈለጉ ደግሞ ስለ ዴልታና ቤታ ሰምቶ የማያውቅ የቤተሰብ ሰው ላይ፣ ፈቃዱን ጠይቀው፣ ይሞክሩት። የትኛው ምት ማስተኛት እንዳለበት የማያውቅ ሰው ራሱን አያታልልም።

ሃያ አንድ ቁራጭ ወረቀት ይቁረጡ፤ ሰባቱ ላይ «ሀ»፣ ሰባቱ ላይ «ለ»፣ ሰባቱ ላይ «ሐ» ይጻፉ፤ ጠቅልለው ኮፍያ ውስጥ ይጨምሩ። በየምሽቱ አንድ ዕጣ ያውጡና የወጣውን ያዳምጡ። የተኙበትን ሰዓት፣ ቡና የጠጡበትን ሰዓትና መብራት መጥፋቱን ይጻፉ። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ ሦስት ነገር ይመዝግቡ፦ እንቅልፍ እስኪወስድዎ ስንት ደቂቃ የፈጀ ይመስልዎታል፣ ሌሊት ስንቴ ነቁ፣ ከአሥር ስንት ይሰጡታል። ስልክ ወይም የእጅ ሰዓት የሚሰጠውን የእንቅልፍ ግራፍ ለዚህ ሥራ አልተማመንበትም፤ የእንቅልፍን ደረጃ የሚገምተው በእንቅስቃሴና በልብ ምት እንጂ ሞገዱን አይቶ አይደለም።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ የየፊደሉን አማካይ ያውጡ። ከዚያ ሌላ ነገር ይመልከቱ፤ በአንዱ ፊደል ውስጥ ያሉት ሰባት ሌሊቶች እርስ በርሳቸው ምን ያህል ይራራቃሉ? «ሀ» አማካዩ 6.5፣ «ለ» 6.1 ሆኖ የ«ሀ» ሌሊቶች ራሳቸው ከ3 እስከ 9 ከተበተኑ ያ የ0.4 ልዩነት ምንም አይናገርም። «ሀ» ሁልጊዜ 7 እና 8፣ «ለ» ሁልጊዜ 4 እና 5 ከሆነ ግን ትኩረት ይገባዋል። ወረቀቱን የሚከፍቱት ይህን ሁሉ ከጨረሱ በኋላ ነው።

ለጥናትም በዚሁ መንገድ ይሞክሩ፤ መመዝገቢያው ብቻ ይለወጣል። «ትኩረቴ ጨመረ» ከሚል ስሜት ይልቅ በ25 ደቂቃ ውስጥ የተፈቱ የሒሳብ ጥያቄዎችን ቁጥርና ትክክለኛ የሆኑትን ይቁጠሩ።

ሦስት ሳምንት አልፎ ከሦስቱ ፋይሎች አንዳቸውም ካላስተኙዎት፣ እንቅልፍ ማጣቱም በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ እየሆነ ወራት ካስቆጠረ፣ ወይም እያንኮራፉ ትንፋሽዎ እንደሚቋረጥ አጠገብዎ የሚተኛ ሰው ከነገረዎት፣ ይህ የድምፅ ፋይል ጉዳይ አይደለምና ሐኪም ጋ ይሂዱ።

መንገድ ላይ የሚያጋጥሙዎት

«432 ሄርዝ ይፈውሳል፣ 440 ያሳምማል» የሚል ነገር መስማትዎ አይቀርም። 440 ሄርዝ የሙዚቃ መቃኛ እንዲሆን የተስማሙበት መሣሪያዎች ከአገር አገር እንዲገጥሙ ነው፤ በ1939 ለንደን ላይ በተደረገ ስብሰባ ተወስኖ በኋላ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ከዚያ በፊት ፈረንሳይ በ1859 በሕግ 435ን ይዛ ነበር። ስምምነት ነው እንጂ የሰውነት ምስጢር የለበትም። 528 ሄርዝ «ዲኤንኤ ይጠግናል» የሚለውም ከባይኖራል ቢት ጋር ምንም አያገናኘውም፤ አንድ ድምፅ ብቻውን ምት አይፈጥርም።

ሌላው «የአሜሪካ ስለላ ያረጋገጠው» የሚባለው ነው። መነሻው ሮበርት ሞንሮ የተባለ የሬዲዮ ሰው ቨርጂኒያ ውስጥ ያቋቋመው ተቋምና «ሄሚ ሲንክ» ብሎ የሰየመው ዘዴ ነው። በ1983 አንድ የአሜሪካ ጦር መኮንን ተቋሙ ስለሚሰጠው ሥልጠና ዘገባ ጻፈ፤ በኋላም ሰነዱ ከምስጢርነት ወጣ። ዘገባው አለ፣ እውነት ነው። ግን የአንድ መኮንን አስተያየትና ማብራሪያ ነው፤ ውስጡ የቁጥጥር ቡድን ያለው ሙከራ የለም። የእርስዎ ሃያ አንድ ወረቀቶች በዚህ በኩል ይበልጡታል።

«ዲጂታል አደንዛዥ ዕፅ» እየተባለ ለወጣቶች የሚሸጠውም አለ። እንደ ስሙ የሚያሰክር ቢሆን ኖሮ ከላይ ያየናቸው ተመራማሪዎች ኢኢጂ ላይ አለ የለም እያሉ ባልተከራከሩ ነበር። ልጅዎ ስልክ ላይ ካገኙበት ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ ይንገሩት፤ ከዚያ በላይ የሚያስጨንቀው ለምን እንደፈለገው ነው፤ እሱን ቁጭ ብለው ይጠይቁት።

ማዳመጫ ለማይመቸው

ጆሮው ማዳመጫ ለማይችል ሰው አንድ አማራጭ ይቀራል፤ ያውም የካናዳው ጥናት ኢኢጂ ላይ የበረታ ምላሽ ያየበት። ኦዳሲቲ ላይ የሠሩትን ይክፈቱና ሁለቱን መንሸራተቻዎች ወደ መሐል ይመልሱ። 200 እና 210 አሁን አንድ ላይ ይቀላቀላሉ፤ ምቱም ፋይሉ ውስጥ ይገባል። ይህን በስፒከር ማጫወት ይቻላል፣ በአንድ ጆሮም ይሰማል። ምቱ ከባይኖራሉ በጣም ጎልቶ ስለሚመጣ የሁለቱንም አምፕሊቲዩድ ወደ 0.1 ዝቅ ያድርጉት፣ ዝናቡን ትንሽ ከፍ ያድርጉት። የስልክ ስፒከር 200 ሄርዝን በደንብ ስለማያወጣ መነሻውን 400፣ ሁለተኛውን 410 ቢያደርጉት ይሻላል። ለእንቅልፍ ሲፈትኑት 403፣ 418 እና 400 ይሁን፤ ዕጣው ያው ነው።